ከተኩስ ጡረታ የወጣው ገመቹ

ሰው «ደከመኝ» ሲላችሁ ታምኑታላችሁ? እኔ አላምንም ነበር። ማሳ ሲያርስ የዋለ፣ ጆንያ የተሸከመ፣ ወይም ከጎሬ መቱ በእግሩ የመጣ ሰው ደከመኝ ቢል እሺ። ወንበር ላይ ተቀምጦ በጣቱ ሲጫወት የዋለ ሰው ግን ምኑ ነው የሚደክመው? ከዚህ ነገር ጀርባ ሌላ ነገር አለ ብዬ ነው የማስበው። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ያሉት አባቶች ዝም ብለው አይደለም። በዚያ ላይ ሥራዬ ኦዲተርነት ነው። መንግሥት ደሞዝ የሚከፍለኝ ሰው እንዳላምን ነው።

መቱ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ጌም ቤት አላቸው። ቤቱን የከፈተው ልጃቸው ነበር። እሱ ሥራ አግኝቶ ጅማ ሲሄድ ኮምፒውተሮቹ እሳቸው እጅ ላይ ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸጣቸዋል። እሳቸው ግን የሹራብ ክራቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡና ሥራውን ቀጠሉ።

ጨዋታው ለማታውቁት ላስረዳ። ኮምፒውተሮቹ በሽቦ ተያይዘዋል። ስክሪኑ ላይ የሚታይህ የራስህ እጅና የጠመንጃህ አፈሙዝ ብቻ ነው። ሌላውን ፈልገህ ትተኩሳለህ፤ ሌላውም አንተን ይፈልጋል። ትሞታለህ። ወዲያው ትነሳለህ። ደግሞ ትሞታለህ። እትዬ ይህን መጀመሪያ ያዩ ቀን አማተቡና «እኔ ሞቶ የተነሳ የማውቀው አንድ ነው» አሉ። አልዓዛርን ረስተዋል ብዬ ልከራከር ነበር፤ ተውኩት።

ድሮ ድምፁ በስፒከር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጦርነቱ ጦፎ ሳለ አየር ልንቀበል ብንወጣ መንገዱ ጭር ብሏል። ምንድን ነው? ለካ ጎረቤታችን ተኩሱን ሰምታ ሱቋን ዘግታለች። እሷን ያየው ፋርማሲ ዘጋ። ፋርማሲውን ያየ ባጃጅ ተሳፋሪውን እንደያዘ ዞረ። ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። እኛ አገር ተኩስ ሲሰማ መጀመሪያ ይዘጋል፣ ኋላ ይጠየቃል። እትዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ጆሮ ማዳመጫ መጫወት ከለከሉ።

ይሄ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ጆሮህ ሲደፈን ከኋላህ ማን እንደቆመ አታውቅም። ማነው ስክሪኔን እያየ ለጠላት የሚናገረው? «አየኸኝ!» «አላየሁህም!» «ታዲያ ደረጃው ስር መሆኔን ማን ነገረህ?» በየኮምፒውተሩ መሃል ካርቶን ለጠፍን። ከካርቶኑ በላይ የሚያጮልቅ አለ ተባለና ካርቶኑን ከፍ አደረግነው። ጨዋታ ነው እያልን እኮ ነው። እንደዚህ ሆነን ዓመታት አለፉ።

ከቋሚዎቹ ተጫዋቾች አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሲሆኑ ሦስታችን ግን የቆየን ጓደኛሞች ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሙዲን ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው መቱ ላይ የከፈቱትን የልብስና የሽቶ ሱቅ ይዟል። ኦሮምኛ ከእኔ ይበልጥ ይችላል፤ ሲናደድ ግን በሦስት ቋንቋ ነው የሚናደደው። ሦስተኛው ገመቹ፣ የጎረቤታችን ከተማ የሁሩሙ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህር፣ የሠርጌ ሚዜ። ከሁላችንም የሚበልጠው ተኳሽ እሱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ እየመራን ሳለ፣ ልብ በሉ፣ እየመራን፣ ገመቹ ማዳመጫውን አውልቆ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠ።

«በቃኝ፤ ደከመኝ» አለ።

እኔና ሙዲን «ተኩስ እንጂ! ምን ሆነሃል?» እያልን እንጮሃለን። እሱ እትዬን በክብር ተሰናብቶ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ይሄን ማን ያምናል? ሙዲን ወዲያው ደረሰበት። ሁሩሙ ውስጥ አዲስ ጌም ቤት ተከፍቷል፣ ገመቹም እዚያ ቡድን አቋቁሞ የእኛን ዘዴ እያስተማረ ነው አለ። እትዬ ዘነበች ደግሞ ሰው ከለመደው ጨዋታ ድንገት የሚቀረው ወይ ሊያገባ ወይ ሃይማኖት ሊለውጥ ሲል ነው አሉ። እኔ በበኩሌ እኔን ተቀይሞ ነው አልኩ። ምክንያቱም ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በተቃራኒ ቡድን ሆነን ስንጫወት ከኋላው መጥቼ ገድዬው ነበር። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «ሰውየው ደክሞት ይሆናላ!» አለች። እሷን ማን ጠየቃት?

ስልክ ደወልኩለት። የት ነህ ስለው ሁሩሙ አባቴ ጋ ነኝ አለ። ምን ትሠራለህ አልኩት።

«ምንም።»

ምንም! ለኦዲተር እኮ ነው «ምንም» የሚለው። ሥራ ላይ «ምንም» ያለኝ ሰው ዘንድ ሁልጊዜ አንድ ነገር አግኝቻለሁ።

«በዓይናችን እንየው» አለ ሙዲን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሙዲን ሱቁ ውስጥ ካለው ሽቶ አርከፍክፎ ስለመጣ መስኮት ከፍተን ነው የሄድነው። ሁሩሙ ገበያ ቀን ነበር። በሰው መሃል ተደብቀን የገመቹን አባት የኦቦ ዲሪባን ቤት ጠየቅን። በፊት ለፊት ብንገባማ ያየናል። ስለዚህ ከጓሮ፣ በቡናው መሃል ገባን።

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሙዲን እጁን አንስቶ «ቁም» ይለኛል፤ እቆማለሁ። «ግራውን ያዝ» ይለኛል፤ እይዛለሁ። ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ። ልጆች ያሉን ሰዎች ነን!

በቅጠሉ ውስጥ አሾልቀን አየነው። ገመቹ ደጃፉ ላይ ሣር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ስልክ አልያዘም፤ መጽሐፍም አልያዘም። አባቱ አጠገቡ እንጨት ይጠርባሉ። እሱ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ሰው እየጠበቀ ነው» አለ ሙዲን በሹክሹክታ።

«ማንን?»

«እሱን ነው የምናየው። ከፍ ያለ ቦታ ልያዝ።»

ጨዋታው ላይም ልማዱ ነው፤ ሁልጊዜ ጣራ ላይ ይወጣል። አጠገባችን ያለው ዛፍ ላይ መውጣት ጀመረ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር እላይ የተሰቀለውን የንብ ቀፎ ሁለታችንም አላየነውም። ንቦቹ ግን ሙዲንን ሳያዩት አሸተቱት። ንብ ደግሞ ሽቶ አይወድም።

ሙዲን ከዛፉ የወረደው በእግሩ አልነበረም። እኔ ወደየት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ብቻ እጄን እያወራጨሁ ከቡናው ውስጥ ወጥቼ ኦቦ ዲሪባ ፊት ተገኘሁ። እሳቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ ቀፎውን አዩ። ከዚያ «ሀቱ! ሀቱ!» ብለው ጮኹ። ሌባ፣ ሌባ ማለታቸው ነው። ጎረቤት ሁሉ ዱላ ይዞ ደረሰ። ማር ባለበት አገር የማር ሌባ ሲያዝ ማብራሪያ አይጠየቅም። አንዱ ዱላውን ከራሴ በላይ አንስቶታል። ጨዋታው ላይ ቢሆን እሞትና እነሳ ነበር። እዚህ ግን አንዴ ከሞትኩ እዚያው ነኝ።

ገመቹ ሮጦ መሃል ገባ። አባቱ «ታውቃቸዋለህ?» አሉት።

ገመቹ አየን። እኔ አንድ ዓይኔ መዘጋት ጀምሯል። የሙዲን ከንፈር የሌላ ሰው መስሏል። ገመቹ ወዲያው አልመለሰም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከንቡ ይልቅ ያ ዝምታ ነደፈኝ።

«ጓደኞቼ ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ሊጠይቁኝ መጥተው ነው።»

«ሊጠይቅ የመጣ ሰው በጓሮ ይገባል እንዴ?» አሉ ኦቦ ዲሪባ። ዱላውን ያነሳው ሰው ዱላውን እያወረደ ሳቁ አመለጠው፤ እሱ ሲስቅ ሌሎቹም ሳቁ። ኦቦ ዲሪባ ግን አልሳቁም። «ኮታ፣ መነ ሴና» ብለው ቤት አስገቡን፤ ኑ ግቡ ነው። የተነደፍነውን ቦታ በሽንኩርት አሹልን፣ እሳት አጠገብ አስቀመጡን፣ ከዚያም በሳህን ማር አቀረቡልን። ከዚያ የሚብስ ቅጣት ታውቃላችሁ?

አባቱ ወጣ ሲሉ ገመቹ ጠየቀን። «ቆይ፣ ደከመኝ ስላችሁ ምን ሰማችሁ?»

ሙዲን «ከምን እንደሆነ አልነገርከንማ!» አለ በዚያ ከንፈሩ።

ያን ጊዜ ነገረን። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ተማሪ ከኋላው ወንበር ከጎተተ ይዘላል። ገበያ ሲሄድ ግድግዳ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው። አንድ ቀን እዚሁ ሁሩሙ አባቱ ከኋላው ቢጠሩት ደንግጦ ቦይ ውስጥ ገብቷል። «ጨዋታው ላይ አዲስ ጠመንጃ ይመጣል፣ አዲስ ሰፈር ይመጣል፤ እኔ ግን የማደርገው ያው ከኋላዬ ማን አለ እያልኩ መዞር ነው» አለ። «እዚህ ከኋላዬ የሚመጣው ወይ ዶሮ ነው ወይ አባቴ። ይሄን ፈልጌ ነው የምመጣው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ ስትገድለኝ ከካርቶኑ ማዶ ስትስቅ ማዳመጫ አድርጌም ይሰማኛል። ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ሳቁ ግን ያንተ ነው።»

ሽንኩርቱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ እኮ ጠርጥረን ነው የተመነጠርነው።

ሚኒባስ እስኪመጣ ደጅ ሣሩ ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ከኋላችን ኮሽ ባለ ቁጥር እዞራለሁ። እውነትም ዶሮ ነው። ደግሞ እዞራለሁ፤ ደግሞ ዶሮ ነው። በኋላ መዞሩን ተውኩት። ያን ጊዜ አንገቴ ለቀቀኝ። አንገቴ ተወጥሮ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር።

ስንመለስ፣ መቱ ልንገባ ስንል፣ ሙዲን «ለምን ይመስልሃል ማር ያበሉን?» አለኝ። «ሰው ለሌባ ማር ያበላል? አንድ ነገር አለ።»

ሰኞ በዚያ ፊቴ ቢሮ ገባሁ። ሰነድ ይነፍጉኝ የነበሩት ሰዎች ኦዲት ያደረግኩት ሰው ደብድቦኝ እኔም አልበገርም ብዬ የመጣሁ መስሏቸው መሰለኝ፣ አምጡ እያልኩ ስለምን የከረምኩት ሰነድ በሙሉ እስከ ምሳ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ተቆለለ።

ገመቹ ወደ ጌም ቤቱ አልተመለሰም። እኔም አንድ ሁለት ቅዳሜ ሞክሬ ቀረሁ። አሁን ከገመቹ ጋር ቅዳሜን በእግራችን እየተንሸራሸርን ነው የምናሳልፈው፤ አንዳንዴም ምንም ሳንነጋገር። የዩኒቨርሲቲ ልጆቹ በስልካቸው ወደሚጫወቱት ሌላ ጨዋታ ሄዱ። ሙዲን ብቻ ቀረ። ጠላት ሲያጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው ሰዎች ጋር መጫወት ጀመረ።

በቅርቡ መንገድ ላይ አገኘሁት። ከስቷል። ግራና ቀኝ አይቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ማሽኑ ያጭበረብራል አለኝ። ድሮ ማሽን ጅል ነበር፤ ቀጥ ብሎ መጥቶ ይሞትልሃል። አሁን ግን አድብቶ ይጠብቀዋል። ጣራ ላይ ሲወጣ ቀድሞት ወጥቶ ያገኘዋል። «ይሄ ማሽን አይደለም፤ ሰው አለበት» አለኝ።

አዘንኩ። የገመቹን ንግግር ከራሴ ጨምሬበት መከርኩት። ጥርጣሬ በሽታ ነው አልኩት። ሰው ማመን ካልቻልክ ቢያንስ ማሽን እመን አልኩት። ፍሬ ያለው ምክር ነበር፤ እኔ ራሴ ሳወራው ወደድኩት። አልሰማኝም፤ ወደ ጌም ቤቱ ሄደ። ትንሽ ቆይቼ፣ ጎትቼ ላወጣው፣ ተከተልኩት።

በሩ ላይ እትዬ ዘነበች የሉም። ወደ ውስጥ ገባሁ። ሙዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ደግሞ ገደለኝ! ደግሞ!» እያለ ይጮሃል። ከጥጉ መጋረጃ ጀርባ ደግሞ ብርሃን አየሁ። ገለጥ አደረግኩት።

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አድርገው፣ ከሻሻቸው በላይ ማዳመጫ ደፍተው፣ ያልተጨረሰ ሹራብ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ማውሱን ይዘዋል። ሲያዩኝ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እንዳትነግረው ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ብቻውን ሲጫወት አንጀቴን በላኝ። በዚያ ላይ የቀረኝ ደንበኛ እሱ ነው።» ዓይናቸውን ወደ ስክሪኑ መለሱ። «በል ዞር በል፣ እየመጣ ነው።»

መጋረጃውን መልሼ ወጣሁ። አልነገርኩትም። ብነግረውስ መቼ ያምነኛል?