የክቡር ፕሮፌሰር ግራ ዓይን

የሰው ጭንቅላት እጁ የገባለት ፀጉር አስተካካይ ሁሉ ከሐኪም አላንስም ማለቱ አይቀርም። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ግን ባሰባቸው። "ፕሮፌሰር" የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛ ደንበኞቻቸው ነን፤ እሳቸውም ሳያንገራግሩ ተቀበሉ። ፎረፎር አይተው ስለ ጉበት ይናገራሉ። "እኔን ስማኝ፣ ሐኪም የሚያየው ወረቀት ነው፤ እኔ የማየው ሰው ነው።"

ታዲያ አንድ ጊዜ ብርቱ ጉንፋን ጣላቸው። ጉንፋኑ ሲለቃቸው ግራ ዓይናቸው ወደ አፍንጫቸው ዘመም ብሎ ቀረ፤ ወደ ውጭ አልዞርም አለ። ሰውን ሁለት አድርገው ያዩ ጀመር። ሌላው ቢሆን ይደነግጣል። ክቡርነታቸው "ንፋስ ነው" ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እኔንም ሊላጩኝ አስቀምጠው፣ ከጉንጬ ጎን ያለውን አየር በጥንቃቄ ላጩት።

"ጋሼ፣ እዚያ ጋ እኮ ፊት የለም!"

"ዝም በል! አንደኛችሁ ቀጥ ሲል ሌላኛችሁ ይንቀሳቀሳል!"

ባለቤታቸው ምላጩን ቀምተው፣ እኔን አስከትለው ክሊኒክ ወሰዷቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት። በደንብ መርምራ፣ "አባቴ፣ ዓይንዎን የሚያዞረው ነርቭ ነው የደከመው። ከቫይረስ በኋላ አንዳንዴ ያጋጥማል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። እስከዚያ ግን ምላጭ አይንኩ" አለቻቸው።

"ካልተመለሰስ?"

ፕሮፌሰሩ ጥያቄ ሲጠይቁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከምላጭ ሌላ ሥራ አያውቁም።

ሱቁ ተዘጋ። እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ በቀረው ዓይን አላፊ አግዳሚውን ይመረምራሉ። እኔ በየጠዋቱ ጸሎቴ ላይ ስማቸውን ጨመርኩ። ጺሜም አደገ።

"መነኮስክ እንዴ?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ጺሜ የሐኪም ፈቃድ እየጠበቀ ነው።"

ዓይናቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሐኪሟም ፈቀደች። ሱቁ የተከፈተ ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ግን ጠፋ። "አንተ ቅደም።" "ኧረ በሞቴ፣ አንተ!" እንዲህ ያለ ትሕትና በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። ፕሮፌሰሩ ምላጩን ወደ መሳቢያው ሊመልሱ እጃቸውን ሰደዱ።

ተነሥቼ ተቀመጥኩና አንገቴን ወደ ኋላ ጣልኩት።

"ስንት ሰው ይታይዎታል?"

"አንድ" አሉ፣ ምላጩን መልሰው እያነሡ። "ጎበዝ ሰው።"

ዓይኔን ጨፍኜ "አባታችን ሆይ" ጀመርኩ። ገና አጋማሹ ላይ ሳልደርስ አንዱ ጉንጬ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ከኋላዬ "ከእሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ!" የሚል ጠብ ተነሣ።