ሰው ተቀምጦበት የማያውቅ ወንበር

ሰው መኪናውን ላቫጆ ሲያስገባ ለምን እንደሚያፍር እስከ ዛሬ አልገባኝም። የማጸዳው እኔ፣ የሚያፍረው እሱ! በሩን ከፍቶ ገና ሳያሳየኝ፣ «ይኼ እኮ የኔ አይደለም፣ የተሳፋሪ ነው» ይላል። ሁሉም እንዲህ ይላል። ብቻውን የሚነዳው ሳይቀር ቆሻሻው የተሳፋሪ ነው።

እኔም ዓይነ አፋር ነኝ፣ ግን የኔ ይለያል። እኔ የማፍረው ሰው ሲያየኝ ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሼ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋሽ አበባው ላቫጆ ተቀጠርኩ። መኪናውን ከውጭ የሚያጥቡት ጎረምሶች ናቸው፤ ይጮሃሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ውሃ ይራጫሉ። የኔ ሥራ ውስጡ ነው፤ ምንጣፉና ወንበሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ለኔ ዓይነቷ የት ይገኛል? በሩን ትዘጊያለሽ፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ማን ያናግርሻል?

ማሽኑን ሳላስተዋውቃችሁ እንዳልቀር። ከፊቱ የሚሽከረከር ብሩሽ፣ ከኋላው ወፍራም ቱቦ አለው። ብሩሹ አረፋውን ምንጣፉ ውስጥ እያሽከረከረ ያስገባል፣ ቱቦው ደግሞ ቆሻሻውን ከነውሃው ምጥጥ አድርጎ ይወስዳል። ጋሽ አበባው ከአዲስ አበባ ያመጡት ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አይቶታል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ጠጋ ብለው ቁንጫ ይስብ እንደሆን ጠየቁ። የቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ አስቸግሯቸው ነው። ጋሽ አበባው፣ «አባቴ፣ ቁንጫ ምን አላት! መብራት ይኑር እንጂ ዝሆንም ይስባል» አሏቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ «እንግዲያው ይቅር፣ የእኛ ቁንጫ መብራት አትጠብቅም» ብለው ሄዱ።

ምንጣፍ ሥር የማይገኝ ነገር የለም። አንድ ኃላፊ ነበሩ፤ ሰፈሩን አንድ ለአምስት አደራጅተው ጫት ምን ያህል ትውልድ እንደሚገድል ያስተማሩን። ከመኪናቸው ምንጣፍ ሥር ያወጣሁት ገረባ ለአንድ ፍየል እራት ይበቃ ነበር። ምንም አላልኩም። ማን ጠይቆኝ?

ጋሽ አበባው መኪና በጸዳ ቁጥር የሚሏት ነገር አለቻቸው። ወንበሩን በመዳፋቸው ጧ ያደርጉና፣ «ሰው ተቀምጦበት አያውቅም!» ይላሉ። በግ ሲያመላልስ ለኖረ ፒክአፕም ይሏታል። ባለቤቱም ይስቃል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ያን ሰሞን ገና አልፎ ምእመናኑ ወደየአገራቸው እየተመለሱ ነበር። ሲሳይ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር መኪናውን አስገባ። «የተሳፋሪ ነው» ሳይለኝ ቀረ። ገረመኝ። ጋሽ አበባውን ወደ ጥግ ወስዶ ሲያንሾካሹክ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ስለነበር ሰማሁ። ከገና በፊት ከነአኩቶ ለአብ ጠበል አንዲት የታመመች ልጅ ከአክስቷ ጋር ጭኖ ወደ ሆስፒታል ሲበር፣ ደም አስመልሷት መንገድ ላይ ሞታለች። ከሱ ወንበር ኋላ፣ መስኮቱ ጋ። እሱም በወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ በዓሉን ሠራበት። ዛሬ ግን በአውሮፕላን የሚመጡ ፈረንጆች ሊቀበል ነው።

ጋሽ አበባው፣ «ለማንም እንዳትናገር! ሰው የሞተበት መኪና ማን ይሳፈራል?» አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «አንቺም!» አሉ። እኔ ደግሞ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። የመስኮቱ መስተዋት ላይ ደግሞ እንደ አመድ ያለ ነገር ተለጥፏል። ወዲያው አወቅኩት፤ እምነት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወስደው ግንባሯን ቀብተዋታል፣ እሷም ራሷን መስተዋቱ ላይ አስደግፋለች። ምልክቱ ስቀመጥ ልክ ግንባሬ ጋ ነው። እምነት አይረገጥም፣ የትም አይደፋም። ከገረባና ከቁንጫ ጋር ማሽን ሆድ ውስጥ እንዴት ላስገባው? በሻሼ ጫፍ ጠረግኩትና ጫፉን ቋጠርኩት። ከዚያ ማሽኑን አስነሳሁ። ወንበሩን ደጋግሜ ቦረሽኩ፣ ቱቦው ቀይ ውሃ ሳበ፣ በኋላ ቡናማ፣ በመጨረሻ ንጹሕ። ሲሳይ ምሳ ሊበላ ሄደ። ወንበሩ እንዲደርቅ በሩን ለፀሐይ ከፈትነው።

አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ፊታቸው ተቧጭሯል። ባንድ እጃቸው ቢጫ ጀሪካን፣ በሌላው የተጠቀለለ ጋቢ ይዘዋል። ጋሽ አበባው ወደ ሙጃ ከተማ የሚሄድ መኪና የሚፈልጉ መስሏቸው ወንበሩን ጧ አደረጉና፣ «ይግቡ እናቴ፣ ይዩት! ሰው ተቀምጦበት አያውቅም!» አሉ።

«ልጄ የተቀመጠች የት ላይ ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

የጋሽ አበባው እጅ ወንበሩ ላይ ቀረ።

«ብርቄ። ከጠበሉ ያመጣት መኪና ይኼ ነው አሉኝ። እኔ ሙጃ ነበርሁ፣ አስከሬኗ ነው የደረሰኝ። ቀብሬያት፣ ዕቃዋን ከጠበሉ ልሰበስብ ነው የመጣሁ። በነፍስ ሳለች የነበረችበትን ልየው ብዬ ነው።»

ጋሽ አበባው፣ «ይኼ አይደለም እናቴ፣ ይኼ የፈረንጅ መኪና ነው» አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው። እኔ መሬቱን አየሁ።

ሴትዮዋ አንገታቸውን አስገብተው ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በደንብ ነው የሠራሁት። «እውነትም አይደለም» አሉና ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። መንገድ ዳር የቆመውን ሌላ ሚኒባስ ሲጠይቁ አየሁ። ረዳቱ ራሱን ነቀነቀ። ወደሚቀጥለው ሄዱ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ንገሩኝ እስቲ። ሮጥኩ። ደርሼ የጋቢውን ጫፍ ሳብኩት። መልሼ አመጣኋቸው። ጋሽ አበባው «አንቺ!» አሉ፤ አልዞርኩም።

«ከሾፌሩ ኋላ፣ መስኮቱ ጋ ነው» አልኩና የሻሼን ቋጠሮ ፈትቼ አሳየኋቸው። «ከግንባሯ ነው።»

ሴትዮዋ አመዱን አላዩትም፤ እኔን አዩ። ከእግሬ እስከ ራሴ። «አንቺን ታክል ነበር» አሉ። «እስቲ ተቀመጭልኝ።»

ሰው ካየኝ እግሬ የሚተሳሰር እኔ፣ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና እርጥብ ነው፤ ቅዝቃዜው በቀሚሴ ዘልቆ ገባ። ራሴን መስተዋቱ ላይ እንዳስደግፍ ነገሩኝ። አስደገፍኩ። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። አላለቀሱም። ቆመው ማየት ብቻ። መብራት ሄዶ እስኪመለስ ያህል የቆዩ መሰለኝ።

«ምን ይታይሻል ልጄ?»

«መንገዱ… ባሕር ዛፍ… ተራራው።»

«ፀሐይ አለ?»

«አለ።»

«እሰይ» አሉ። በሻሹ ጫፍ በቀረው እምነት ግንባራቸውን ቀቡ። ከዚያ ከመኪናው ስወርድ ሻሼን እንደ ገና አስረውልኝ፣ ጀሪካናቸውን ይዘው ሄዱ። ጋሽ አበባው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ተጠቅልሎ ያለቀ የውሃ ጎማ እንደ ገና ይጠቀልሉ ነበር።

ሲሳይ ጥርሱን እየፋቀ ተመለሰ። ኮቱን ቀይሯል፣ ፀጉሩን አበጥሯል። ሥራዬን ሊያይ ወደ ውስጥ ጎንበስ ሲል እርጥቡ ወንበር ላይ የተቀመጥኩበት ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ጠበቀው። መስተዋቱ ላይም የግንባሬ ወዝ አለ።

«ምንድን ነው ይኼ?» ብሎ ጮኸ። «ጋሽ አበባው፣ ይኼ ነው ሰው ተቀምጦበት የማያውቅ? አንቺ ልጅ፣ ሰው ተቀምጦበታል እንዴ?»

ጋሽ አበባው ጎማቸውን መጠቅለል ቀጠሉ። ቀና ብዬ አየሁት። የፈለገውን ነገር ከምንጣፍ ሥር ባወጣ እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሾፌር አልነበረም። እሱ ግን ጠየቀኝ።

«አዎ» አልኩት፤ «ተቀምጦበታል።»