ፍየሏ ያነበበችው ብሮሸር

አገራችን ውስጥ አንድ ችግር ብሮሸር ከታተመለት ግማሹ እንደተፈታ ይቆጠራል። የቀረው ግማሽ ደግሞ ዓውደ ጥናት ሲዘጋጅለት ይፈታል። ይህን የምላችሁ ለማላገጥ አይደለም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። አዋሽ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና ሁለት ወንበር ያሉባት ቤት አለችኝ። አባቴ እዚያው ጣቢያ ሐዲድ ሲጠግን ኖረ፤ እኔ ወረቀት እያጠፍኩ እኖራለሁ። ስለዚህ የብሮሸርን የሕይወት ታሪክ ከኔ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ይታደላል፣ ረፋድ ላይ ማራገቢያ ይሆናል፣ ከሰዓት ሳምቡሳ ይጠቀለልበታል። እውነቱን ለመናገር የወረቀት ውፍረት የምመርጠው አንዱን አንስቼ ፊቴን በማራገብ ነው። በአፋር ሙቀት ነፋስ የማይሰጥ ብሮሸር፣ ይዘቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከሽፏል።

አንድ ቀን ሰመራ ካለ ቢሮ ሰይድ የሚባል ባለሙያ ደወለልኝ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ሎጊያ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍተው እሱን ያስተማሩ ናቸው። ስለ ፕሮሶፒስ ብሮሸር ሥራልኝ አለኝ። ፕሮሶፒስን ካላወቃችሁ በአዋሽ ሸለቆ አላለፋችሁም ማለት ነው። ሁሉ ነገር ሲደርቅ እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆም እሾሃም ዛፍ ነው። ጥላ ይሆናችኋል ተብሎ ከውጭ መጣ፤ ከዚያ ግጦሹንም፣ መንገዱንም፣ የወንዙንም ዳር ጠቀለለው። ሕዝቡ በየዘመኑ በመጣው መንግሥት ስም ሲጠራው ኖሯል፤ የሚሰደበው ዛፉ ይሁን መንግሥቱ እስካሁን በውል አልታወቀም።

ፍሬው እንደ ፎሶሊያ የረዘመ፣ ቢጫና ጣፋጭ ነው። ፍየል ካገኘችው አትምረውም። ጣፋጩ ሆዷ ውስጥ ይቀራል፤ ዘሩ ግን ምንም ሳይሆን ከበጠጧ ጋር ወጥቶ በሄደችበት ሁሉ ይበቅላል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ብሮሸሩ ሦስተኛ ገጽ ላይ በደማቁ ጽፌያታለሁ። ጻፍኳት እንጂ አላነበብኳትም።

የመጀመሪያው ችግር ፎቶው ነበር። ዛፉን ከየትኛውም አቅጣጫ ባነሳው ያምራል። ባለቤቴ ሽፋኑን አይታ "ይሄ ቦታ የት ነው? ለምን ለበዓል አንሄድም?" አለችኝ። ሁለተኛው ችግር ከዚያ የባሰ ነው። ብሮሸሩ የሚታደለው ዛፉ ገና ባልደረሰባቸው መንደሮች ነው፤ አይተውት አያውቁም፣ ብዙዎቹም ማንበብ አይችሉም። ታዲያ እንዴት ይለዩት? ሦስት ቀን ተጨነቅኩ። በአራተኛው ቀን ጺሜን እየተላጨሁ ሳለ መጣልኝ። ናሙና! በእያንዳንዱ ብሮሸር ሽፋን ላይ እውነተኛውን ፍሬ መለጠፍ!

ለሰይድ ስነግረው "አንተ ሰውዬ፣ ወላሂ ሊቅ ነህ!" ብሎ ጮኸ። በዕድሜዬ ሊቅ ተብዬ አላውቅም። ባለቤቴን ይዤ በሐዲዱ ዳር ስንለቅም ዋልን፤ እጃችን በእሾህ ተቦጫጨቀ፤ አምስት መቶ ፍሬ በስኮች አንድ በአንድ ለጠፍን። የተሰበረውንና የተረፈውን ከሱቁ ጀርባ ጠርገን ጣልን። ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በሚሌ በኩል ሰመራ እስክገባ ካርቶኖቹን ታቅፌ ተጓዝኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። ሰይድ ንግግር አደረገ፣ ስሜን ጠራ፣ ተጨበጨበ። ጥቂት ብሮሸሮች ብቻ የቀሩበትን አንዱን ካርቶን በረንዳው ጥላ ሥር ትቼ የሌሎቹን ማደል ጀመርኩ። ፊት ለፊት ሐጂ ሁመድ ተቀምጠዋል። ከሰርዶ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ መንደር ሽማግሌ ናቸው። የመንደራቸው ግጦሽ ዛፉ ካልነካቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ከሩቅ ያለ ዘመድ ሁሉ ከብቱን እየነዳ የሚደርሰው እዚያ ነው። እሱ ከጠፋ ሌላ መሄጃ የላቸውም። ሐጂ ወረቀቱን አላነበቡም፤ አላራገቡበትምም። ፍሬውን አሸተቱት።

"ልጄ፣ ይሄን ስንት ሠራህ?"

"አምስት መቶ፣ ሐጂ።"

"የት ይሄዳል?"

"እናንተ ዘንድ ነዋ! እናንተ ጋ ዛፉ ስለሌለ።"

"የለም፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ፍሬውን ከሽፋኑ ላይ ላጥ አድርገው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። "እኔ እስከማውቀው ዘሩን ወደኛ ያመጣልን የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።"

ሰይድ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለው፤ ሐጂ ራሳቸው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ሽማግሌው፣ ባለሙያው፣ የቢሮው ሾፌር ሳይቀር ተቀምጦ ፍሬ ይልጥ ጀመር። በዓውደ ጥናት ታሪክ ተሰብሳቢ ሁሉ በእጁ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆጠርን። አራት መቶ ሰማንያ ስምንት። አሥራ ሁለት ጎደለ።

በረንዳው ላይ ሐጂ ከሎጊያ የገዟት፣ ልትወልድ የተቃረበች ፍየል ታስራ ነበር። ምራታቸው አራስ ናት፤ ወተቷን የሚጠብቁት ለእሷ ነው። ፍየሏ ካርቶኔን ከፍታ አሥራ ሁለቱን ብሮሸሮች ከፊቷ ዘርግታለች። ፍሬዎቹ የሉም። "ያስወግዱ!" የሚለውን ትልቁን ርዕስ ግን አልነካችውም። በሥራዬ ላይ ይህን ያህል ጊዜ የሰጠ አንባቢ ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

ሐጂ መሳቃቸውን አቆሙ። "ወረቀትህ ላይ ለፍየል ምን ጽፈሃል?"

"ፍሬውን የበላ እንስሳ ወደ ንጹሕ ግጦሽ ከመወሰዱ በፊት ለጥቂት ቀናት ታስሮ ይቆይ ይላል።"

"ጥቂት ስንት ነው?"

"ለጥንቃቄ... ሰባት እንበል።"

"እንግዲያው አደራ" ብለው ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አራስ ቤት ወተት እየተጠበቀ፣ ሐጂ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። በዚያች ቅጽበት አፍሬ ነበር። የምሬን አፈርኩ።

ሰባት ቀን ሰይድ ግቢ ውስጥ ከረምኩ። ጠዋትና ማታ በጠጥ ለቅሜ በቆርቆሮ ጣሳ ላይ አቃጥላለሁ፤ አንዲት እንኳ እንዳትሾልክ ግቢውን በእጅ ባትሪ አስሳለሁ። ባለቤቴ ደውላ "ምን እየሠራህ ነው?" ስትለኝ "ክትትልና ግምገማ" አልኳት። በስድስተኛው ቀን ፍየሏ መንታ ወለደች። ሰይድ ቢሮ ነበር፤ አዋላጁ እኔ፣ የግራፊክ ባለሙያው! እየጮህኩ ነበር አሉ ጎረቤቶች። ሐጂ በስምንተኛው ቀን መጥተው ሦስቱንም ሲያዩ ትከሻዬን መቱኝና አንዷን ግልገል ብሮሸር አሏት። ፍሬው የተላጠበትን አንድ ወረቀትም ለመታሰቢያ ወሰዱ። የቀሩት ብሮሸሮች ሽፋናቸው ተቦጫጭቆ ስለነበር ከተላጠው ፍሬ ጋር አቃጠልናቸው፤ አዲሱን በሥዕል ሠራሁት፣ ለራሴ አንድም ቅጂ ሳላስቀር ሁሉንም ለሰይድ ላክሁ።

ከዝናቡ በኋላ ሐጂ ደወሉ።

"ግጦሹን ዞረን ዞረን አየነው። አንድም አልበቀለም! ብሮሸርም አድጋለች።"

ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

"እናንተስ ጋ?" አሉኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ በጀርባ በር ወጣሁ። የተረፈውን ፍሬ የጣልንበት፣ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ የምንደፋበት ቦታ ላይ ጉልበቴን የሚያህል፣ እሾሁ የተደረደረ፣ ከሽፋኔ ፎቶ ይልቅ ያማረ ነገር ቆሟል።

"አንድ... አንድ አለ፣ ሐጂ።"

ከዚያኛው ጫፍ የመጣው ሳቅ ሳል ሆኖ አለቀ። "ወረቀትህ ምን ይላል ታዲያ?"

"እኔ ጋ አንድም ወረቀት አልቀረም።"

"እኔ ጋ አለ። አሲያ! ነይ አንብቢለት።" አሲያ ልጃቸው ናት፤ ሰመራ ትማራለች። ድምጿን ጠርጋ፣ የኔኑ ዓረፍተ ነገር በዝግታ ታነብልኝ ጀመር። "ችግኙን ሳያድግ ከነሥሩ ይንቀሉ። የነቀሉትን ያቃጥሉ። ጎረቤትዎን ያስጠንቅቁ።" ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ጎተትኩ። እሾሁ ጣቴን ወጋኝ። ደግሜ ጎተትኩ፤ ነቀልኩት።

"ነቀሉት፣ ጋሼ?"

"ነቀልኩት" አልኳት፣ ጣቴን እየጠባሁ።

"ሦስተኛው ገጽ ይቀራል። እሱንም ላንብብልዎት?"

"አንብቢልኝ፣ እህቴ። ቀስ ብለሽ።"