ሊቀ ማዕበላት ዝም ያሉ ዕለት

ሰማይ ገና ሳይጠቁር ፊቱ የሚጠቁር ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። ከጠፋ ሰፈሩ ገና አልተሟላም ማለት ነው። ከባሕሩ በላይ፣ ከኮረብታው ሥር በተደረደሩት የኪራይ ቤቶች ይህን ከባድ ሹመት የያዙት ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ጎረቤት የሰጣቸው ማዕረግ «ሊቀ ማዕበላት» ነው።

የመከራው ዋና ቀማሽ ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ስታሰጣ «ያንን ደመና አይተሽዋል?» ይሏታል። «ደስ የሚል ቀን ነው፣ ጋሼ» ስትላቸው ደግሞ «በረሃም ሲጀምር እንዲህ ደስ ይላል» ብለው አፏን ያስይዟታል። ፀጉር አስተካካዩ ከባሕሩ አፋፍ መሬት ገዝቶ ደስታውን ሊያካፍላቸው ቢመጣ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አንተ የገዛኸው መሬት አይደለም፣ ቀጠሮ ነው። ማዕበሉ ዳርቻውን እየበላ ይመጣልሃል» አሉት። ሰውየው ስንት ቀን እንቅልፍ አጣ። ማሳረጊያቸው ምንጊዜም «ተፈጥሮ ቀልድ አታውቅም!» ነው። ልብስ ሰፊዋ በሆዷ፣ «ተፈጥሮስ እሺ፣ እርስዎስ?» ትላለች።

ዘንድሮ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ሊቀ ማዕበላት በየማለዳው «ኮረብታው ጠግቧል፤ የጠገበ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም» እያሉ መግለጫ ሲሰጡ፣ ሰፈሩ እየሳቀ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊዋ ከውጭ ሲመለሱ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ኮረብታው ዛሬስ እንዴት አደረ?» አለች እየቀለደች።

ኮረብታውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እጃቸውን አወናጨፉ፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጎረቤት በር ሮጠች። እኚህ ሰው ስለ ነፋስ ቢጠየቁ ከምድር አፈጣጠር የሚጀምሩ ናቸው። የእሳቸው ዝምታ ከሐኪም ዝምታ ይብሳል። ወሬው ከበር በር ዞረ።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም!»

«ምንም? በሉ ውጡ!»

ሲናገሩ ያልሰማቸው ሰፈር ዝም ሲሉ ሰማቸው። ፍራሽ በራስ፣ ሕፃን በጀርባ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ የልብስ ሰፊዋን የስፌት መኪና ተሸክሞላት፣ ሁሉም ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ።

«ጋሼስ?» አለች ድንገት።

ያያቸው የለም። ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ መጥቶ የሚያንኳኳላቸው ዘመድ እንደሌላቸው እሷ ታውቃለች። ኮረብታው እላያቸው ላይ ቢናድስ? ሰው «ተመለሺ!» እያለ ሲጮህባት ዳገቱን ይዛ ሮጠች። አንድ ጫማዋን ጭቃው አስቀረው። በራቸውን በሁለት እጇ ደበደበችው።

ተከፈተ። ጉንጫቸው አብጦ፣ አፋቸው ጥጥ ሞልቶ ቆመዋል። መንጋጋቸውን አመለከቱና በሁለት ጣታቸው አንድ ነገር መንግለው እንደሚያወጡ አደረጉ። ጥርስ ተነቅለው ነው! ልብስ ሰፊዋ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት፤ ነፍሷ የተመለሰችው ገና ያኔ ነው።

«ዝም ሲሉ ኮረብታው ሊናድ መስሎን ሰፈሩ ባዶውን ቀረ እኮ!»

ጥጡን ተፉት። «ዛሬ ማለዳ ዞሬ አይቼዋለሁ፤ አንድ ስንጥቅ የለውም። ደሞስ ይናዳል ብለሽ ካመንሽ ምን ልትሠሪ ተመለስሽ?»

«እርስዎን ትቼ የት ልሂድ?»

ሊቀ ማዕበላት ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ አብዛኛውን ለእሷ አድርገው፣ ቁልቁል ይዘዋት ወረዱ።

ሲደርሱ ሰዉ በእልልታ ተቀበላቸው። እሳቸው ግን ፍራሾቹን አዩ፣ ሜዳውን ዙሪያውን ቃኙ፣ ከዚያ ያበጠ ጉንጫቸውን ደግፈው ጮኹ።

«የሸሻችሁት እዚህ ነው? ይኼ እኮ የጎርፍ መውረጃ ነው! ከላይ የሚወርደው ውሃ የት የሚሄድ መስሏችኋል?»

ሰፈሩ ፍራሹን ተሸክሞ ሽቅብ ተመለሰ፤ እሳቸው ከኋላ እየተቆጡ። ልብስ ሰፊዋ በአንድ እግሯ ጫማ ከጎናቸው ትሄዳለች። እንደዚያ ቀን ቁጣ ጣፍጧት አያውቅም።