የቡሬ ደምና ሁለቱ ማይክሮስኮፖች

ሰው ትልቅ ነገር ያምናል። ገበያ ወርዳችሁ እዩ፤ የበሬውን ጥርስ ከማየቱ በፊት ቀንዱን የሚለካ ብዙ ነው። ሐኪም ቤት ሄዶም ትልቁን መርፌ ካልወጉት «ዛሬስ አልታከምኩም» ብሎ ይመለሳል። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ።

በደርግ ጊዜ ሰፈራችን ለቡ ዛሬ እንደምታዩት ቤት በቤት አልነበረም፤ ጤፍና ሽንብራ ነበር። አንድ ጠዋት ቡሬ የምለው በሬዬ እየተንቀጠቀጠ ተኝቶ አልነሳ አለ። ጎረቤቶቼ ካራቸውን ስለው መጡ። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ደግነት ነው። የታመመ በሬ ሳይሞት ታርዶ ቅርጫ ይሆናል፤ ባለቤቱም ጨርሶ ባዶ እጁን አይቀርም። ከሞተ ግን በክት ነው፤ ማንም አይቀምሰውም። «በሬ ካራጁ ይውላል» ይባላል። የኔው ከሰባት አራጆች ጋር ዋለ።

ልጄ አስቴር በከብት ጤና ላቦራቶሪ ትሠራለች። ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ፣ አባሰንጋ እንዳይሆን። ከሆነ ያረደውም የበላውም ይሞታል። ደሙን ሳላይ ካራ እንዳይነካው።» ከጆሮው ጠብታ ደም መስታወት ላይ ወሰደች።

«በትልቁ እዪው» አልኳት። ክፍል የሚሞላ ማይክሮስኮፕ እንደመጣላቸው ነግራኝ ነበር።

«ትልቁ በብርሃን አያይም፤ በኤሌክትሮን ነው።» ኤሌክትሮን ምን እንደሆነ አስረዳችኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እናንተ እንዳትጠይቁኝ። «የጀርሙን ሆድ ዕቃ ሳይቀር ያሳያል። ግን ናሙናው ደርቆ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ እጅግ ሳስቶ ተቆርጦ፣ አየር የሌለበት ውስጥ ይገባል። ሕይወት ያለው ነገር አይታይበትም፤ ቀለምም አይለይም፤ ዝግጅቱ ቀናት ይፈጃል። ጠረጴዛ ላይ ያለው ትንሹ ግን፣ ደሙን በቀለም ነክሬ ባየው፣ ጀርሙ ይኑር አይኑር ወዲያው ይነግረኛል።»

«ታዲያ ትልቁ ምን ይሠራል?»

«ጊዜ ላለው ሰው ነው፣ አባዬ።»

ሄደች። ጎረቤቴ ቱሉ ትዕግሥቱ አለቀ። «የአስቴር አባት፣ ልጅህ መስታወት ስታጥብ በሬው በክት ሊሆን ነው!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አልኩት።

«የዘገየስ? እሱማ የሚለቅመውም የለው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቡሬ ሞተ። ሰባቱም ካራ ሰገባው ገባ። አሁን አስቴር «ምንም የለበትም» ብላ ከመጣች፣ ከበሬዬ ጋር የልጄንም ስም መቅበሬ ነው።

ከመንገዱ እየሮጠች መጣች። «አለ! ጀርሙን እንደ ተሰባበረ ገለባ ተደርድሮ አየሁት!»

ቱሉ እጁን በአመድ እየፈተገ ሦስት ጊዜ ታጠበ። ምንም አልነካም እኮ! ከዚያ ሊያርዱ የመጡት ሰዎች ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው በሬውን ሳይከፍቱ ከነቆዳው ቀበሩት።

እኔ ማመስገን አላውቅበትም። አጠገቧ ቆምኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የወጣልኝ «ምሳ በላሽ?» የምትል ብቻ ነበረች።

አስቴር ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንግዲህ ያቺን የምታህል ትንሽ ምስጋና፣ ያለ አንዳች መሣሪያ አየቻት።