መኝታ ቤት ነን

[አንዲት አሮጌ መኪና ትልቅ በር ፊት ቆማለች። በነጂው ወንበር ላይ አማቹ፣ የኢንጂነሩ ሚስት ወንድም ተቀምጧል። ከጎኑ ኢንጂነሩ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ አፍጥጧል። ያለበትን ቦታ የሚነግር፣ ራሱ የጻፈውን የሳተላይት መቀበያ ፕሮግራም ለአንድ ድርጅት ዳይሬክተር አሳይቶ ሊቀጠር ነው የመጣው። መድረሱን ግን አላመነም።]

አማቹ፦ ጋሼ፣ ደርሰናል እኮ። ውረድ።

ኢንጂነሩ፦ አልደረስንም።

አማቹ፦ በሩ ላይ የድርጅቱ ስም ተጽፏል።

ኢንጂነሩ፦ በር ላይ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። እኔ የማምነው ሳተላይቱን ነው።

አማቹ፦ እሱ የት ናችሁ አለ?

ኢንጂነሩ፦ ቤት።

አማቹ፦ የማን ቤት?

ኢንጂነሩ፦ የእኔ። መኝታ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ።

አማቹ፦ [ደንግጦ] ይቅርታ ጋሼ። እስከ እህቴ መኝታ ቤት ድረስ በጫማዬ ገባሁ።

[ጫማውን አውልቆ ወንበሩ ስር ያስቀምጣል።]

ኢንጂነሩ፦ ስማ፣ ሌላው ሰው የሚገዛው የታሸገ ዕቃ ነው። የእኔ ሶፍትዌር ነው። አንቴናው የሳተላይቱን ምልክት ይቀበላል፣ ኮምፒዩተሩ ይቀዳዋል፣ ፕሮግራሜ ቅጂውን ከፍቶ ያለንበትን ያሰላል። ዕቃ ይበላሻል፤ ስሌት አይበላሽም።

አማቹ፦ የተሻገርነው ድልድይስ?

ኢንጂነሩ፦ መስሎህ ነው።

አማቹ፦ ያስቆመን ትራፊክ ፖሊስስ?

ኢንጂነሩ፦ እሱ መኝታ ቤቴ ምን ሊሠራ እንደገባ በኋላ አጣራለሁ።

አማቹ፦ እኔን የገረመኝ ነዳጁ ነው። ከአልጋው ሳንርቅ አለቀ?

ኢንጂነሩ፦ መኪናህ ድሮም ሆዳም ናት። አሁን ተወኝ፤ ዛሬ ካልተቀጠርኩ እህትህ ኮምፒዩተሩን ከነእኔ ነው የምታስወጣው።

አማቹ፦ [አዝኖ] እንግዲያው ቶሎ ከቤት እንውጣና እንሂድ።

[ስልክ ይጮኻል። ዳይሬክተሩ ናቸው። ኢንጂነሩ ከስክሪኑ ቀና ሳይል ስልኩን ለአማቹ ያቀብለዋል።]

ኢንጂነሩ፦ ያለንበትን ንገራቸው። እንዳትቀባጥር፤ መሣሪያው ያለውን ብቻ።

አማቹ፦ [በስልክ] አቤት ጌታዬ... አለ፣ መኝታ ቤት ነው... እኔም አብሬው ነኝ... የለም፣ አላመመውም፣ አልደረስንም ያሰኘው ሳተላይቱ ነው... አዎ፣ የነዳሁት እኔ ነኝ... እሺ፣ እነግረዋለሁ።

[ኢንጂነሩ ድንገት የአንቴናውን ገመድ ይስባል። ጫፉ ከምንም ጋር አልተያያዘም።]

ኢንጂነሩ፦ ወይ ጉዴ። ጠዋት ለሙከራ መስኮቱ ጋ የቀዳሁት ነው የተከፈተው። የአሁኑን ጭራሽ አልቀዳሁም።

አማቹ፦ ማለት?

ኢንጂነሩ፦ ጠዋት የነበርኩበትን ነው ሲነግረኝ የቆየው። ደርሰናል!

አማቹ፦ [ቅር ብሎት] አሁን ገና ቤቱን ለመድኩት።

ኢንጂነሩ፦ ዳይሬክተሩ ምን አሉ?

አማቹ፦ እዚያው አልጋው ላይ በደንብ ይረፍ፣ አይነሳ።

ኢንጂነሩ፦ ስልኩን አምጣ። በሩ ላይ ነኝ ልበላቸው።

አማቹ፦ ያውቃሉ። ያውልህ ፎቅ ላይ፣ ሲደውሉም በመስኮት እያዩን ነበር።

[ኢንጂነሩ ቀና ይላል። ዳይሬክተሩ ከላይ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ሰላምታው ለእሱ አይደለም። አማቹ ጫማውን ማሰር ይጀምራል።]

ኢንጂነሩ፦ አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?

አማቹ፦ ሾፌር ቸግሯቸዋል። አልደረስንም እያለ የሚከራከር ሰው ጭነህ በሩ ድረስ ካመጣህ ሌላ ፈተና አያስፈልግህም፣ ግባ አሉኝ።

[ወርዶ ጥቂት ይራመድና ተመልሶ አንገቱን በመስኮቱ ያስገባል።]

አማቹ፦ ጋሼ፣ ስወጣ መብራቱን ላጥፋልህ?