ለዓሦች የተመረጠ ሽማግሌ

ያለ ሽማግሌ ምንም ነገር አይጸናም የሚሉ ሰዎች እናንተ ሰፈር የሉም? እኛ አዳማ አጎቴ ጋሽ ታደሰ አሉላችሁ። ባልና ሚስት ሊጣሉ ሲያስቡ፣ ከጠቡ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው።

በቀደም ሚስታቸው እትዬ አልማዝ ቤት ውስጥ ዓሣ ማሳደግ አማራቸውና ልንገዛ ሄድን። እትዬ ጣት የማያካክሉ ቀያይ ዓሦች መረጡ። ጋሼ ግን መዳፍ የሚያህለውን ጥቁር ዓሣ ጠቆሙ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ለጀማሪ ትንንሾቹ ይበቃሉ» አለ ሻጩ።

«ታላቅ የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው? ሲጣሉ ማን ያስታርቃቸው?»

እኔ ምን አገባኝ! ሽማግሌውን ከነውሃ ላስቲኩ ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

በማግስቱ ስመጣ ጥቁሩ ዓሣ ሆዱን ነፍቶ፣ አኳሪየሙ ውስጥ ብቻውን ይንጎራደዳል። አንድም ቀይ ዓሣ የለም።

«ልጆቼን አስበላሃቸው!» አሉ እትዬ እያለቀሱ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ምን ታለቅሻለሽ? ይኸው ሰላም ወርዷል። አሁን የሚጣላ ይታይሻል?»

እትዬ ይህን ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር የተጣላ ሁሉ፣ ጋሽ ታደሰ ሳይሰሙ ሮጦ ይታረቃል።